ስምሽን ሳትቀይሪ አግብተሽ የአሜሪካ ፓስፖርት ስታወጪ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ጥያቄሽን በደንብ ከገባኝ እንዲህ ነው፦ ስታገቢ የባልሽን ስም አልወሰድሽም፣ አሁን ሲትዝን ሆነሽ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፓስፖርት ልታወጪ ነው። በራስሽ ስም ማውጣት ትችዪ እንደሆነና የጋብቻ ሰርተፍኬት ይጠየቅ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። ልጆችሽ በአባታቸው ስም ስለሚጠሩም አብራችሁ ስትጓዙ ችግር እንዳይመጣ ሰግተሻል።

እኔም ያው እንዳንቺ ነኝ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ዜግነት ወስጄ እስከ ዛሬ የምጠራው በአባቴና በአያቴ ስም ነው። ከኔ በኋላም እህቴንና የማውቃቸውን ሴቶች ፎርም በማስሞላት አግዣለሁ፤ ስለዚህ የምነግርሽ ያየሁትን ነው።

አጭሩ መልስ፦ በራስሽ ስም ታወጫለሽ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬትም አያስፈልግሽም።

ለምን መሰለሽ? ለፓስፖርት የጋብቻ ሰርተፍኬት የሚፈለገው የዜግነት ወረቀትሽ ላይ ያለው ስምና ፓስፖርቱ ላይ እንዲወጣ የምትፈልጊው ስም ሲለያዩ ነው። «ይቺ ሴትዮ ያቺው ናት» የሚል ማስረጃ ያስፈልጋላ። ያንቺ ስም ካልተለወጠ የሚያስረዱት ነገር የለም። ሰውን ግራ የሚያጋባው ግሪን ካርዱ ይመስለኛል። በባል በኩል የመጣን ሰዎች ያኔ የጋብቻ ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ፣ ኧረ ምን ያልተጠየቅነው አለ! ያ ግን ጋብቻው የእውነት መሆኑን ለማሳየት ነበር። አሁን የምታስረጂው ዜግነትሽንና ማንነትሽን ነው፣ ትዳርሽን አይደለም።

ፎርሙ ግን ስለ ትዳር መጠየቁ አይቀርም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው የሚሞላው ዲኤስ-11 የሚባለውን ነው። እሱ ላይ አግብተሽ ታውቂያለሽ ወይ ይልሻል፣ አዎ ካልሽ የባልሽን ሙሉ ስም፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ ዜጋ መሆን አለመሆኑን፣ የተጋባችሁበትን ቀን ትሞያለሽ። እውነቱን ጻፊ። «ስሜ ስላልተቀየረ አላገባሁም ልበል እንዴ?» ያለችኝ ሴት አጋጥማኛለች። ተይ! ፎርሙን የምትፈርሚው ምለሽ ነው። ደግሞም መልሱ ስምሽን አይነካውም፤ ፓስፖርቱ ላይ ማግባትሽም ሆነ የባልሽ ስም አይወጣም። ከዚህ በፊት የተጠራሽባቸው ሌሎች ስሞች የሚል ቦታም አለ። የባልሽን ስም በወረቀት ተጠቅመሽበት የማታውቂ ከሆነ እዚያ ላይ የሚጻፍ ነገር የለሽም።

እኔ ስሄድ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ የዜግነት ሰርተፍኬቴን አገላብጣ አየችው። ሰርተፍኬቱ ላይ ከቁመትና ከትውልድ ቀን ጋር የጋብቻ ሁኔታም ተጽፏል፤ «ማሪድ» ይላል። ጣቷን እሱ ላይ አድርጋ ፎርሙ ላይ ያለውን የባሌን ስም አየች፣ የኔን አየች፣ ከዚያ «ሜሪጅ ሰርተፍኬትሽስ?» አለችኝ። ስሜን ቀይሬ አላውቅም፣ ስወለድ የወጣልኝ ስም ነው አልኳት። አልተዋጠላትም። ሂጂና አምጪ ልትለኝ ስትል አለቃሽን ጠይቂልኝ ብዬ ለመንኳት። ሰውየው መጣ፣ ሰርተፍኬቱንና መንጃ ፈቃዴን ጎን ለጎን አድርጎ አስተያያቸው። ስሙ ፊደል በፊደል አንድ ነው። «ኢትስ ፋይን» ብሏት ሄደ። በቃ።

እንዲህ ከገጠመሽ አትጨቃጨቂ፣ ቤትሽም አትመለሺ። «አይ ኔቨር ቼንጅድ ማይ ኔም» በያትና ኃላፊ ይጠራልኝ በይ። የጋብቻ ሰርተፍኬቱን በቦርሳሽ ብትይዢው አይከፋም፣ ሳይጠየቅ ግን ምን ያወጣዋል?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የኛን ሰው የሚያንከራትተው ጋብቻው ሳይሆን ሦስቱ ስማችን ነው። እዚህ አገር ላስት ኔም (ሰርኔም የሚሉት የቤተሰብ ስም) ይፈለጋል፣ እኛ ደግሞ የለንም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የአያትን ስም ሰርኔም በሚለው ቦታ ያስቀምጥና የራስንና የአባትን ስም አንድ ላይ ጊቨን ኔም ያደርጋቸዋል። እዚህ ስንመጣ አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን ስም ሚድል ኔም ያደርገዋል፣ ሌላው ከራስሽ ስም ጋር ያጣብቀዋል፣ ሌላው ጭራሽ ይዘለዋል። ለምሳሌ ሰላማዊት ታደሰ ገብረ ማርያም የምትባል ሴት አለች እንበል። ግሪን ካርዷ ላይ ገብረማርያም ተገጥሞ ተጽፏል። መንጃ ፈቃዷ ላይ «ገብረ» ሚድል ኔም ሆኖ «ማርያም» ብቻዋን ላስት ኔም ሆናለች። ሶሻል ሴኩሪቲዋ ላይ ታደሰ በአንድ ኤስ ነው፣ ባንኳ ጋ በሁለት ኤስ። ይቺ ሴት አላገባች፣ አልፈታች፣ በወረቀት ግን አራት ሴት ናት። በነጠላ ስም የመጡትማ ፈርስት ኔማቸው ቦታ ላይ «ኤፍኤንዩ» (ፈርስት ኔም አንኖውን፣ የመጀመሪያ ስሙ የማይታወቅ) ተብሎ ተለጥፎባቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲያስረዱ ይኖራሉ።

ፓስፖርትሽ የሚከተለው የዜግነት ሰርተፍኬቱን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሰርተፍኬቱን ዘርጊውና ፊደል በፊደል አንብቢው፣ መንጃ ፈቃድሽንም አጠገቡ አድርጊ። ልዩነት ካለ ለፓስፖርት ከመቅረብሽ በፊት መንጃ ፈቃዱን አስተካክዪ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮም ዜጋ መሆንሽን ለማስመዝገብ ከሄድሽ ስሙን በዚያው አስይዢው። ስህተቱ ሰርተፍኬቱ ላይ ከሆነና ያጠፉት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከሆኑ ኤን-565 በሚባል ፎርም ያለ ክፍያ ያርሙልሻል። ገና ቃለ መሐላ ያልፈጸማችሁ ደግሞ ሰርተፍኬቱን ስትቀበሉ ከአዳራሹ ሳትወጡ አንብቡት፤ ባንዲራ ይዞ ፎቶ መነሳቱ ይደርሳል። የስም ቅደም ተከተላቸው የተዘበራረቀባቸውም ቢሆኑ መላ አላቸው። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ስም መቀየር ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ መስመር ማስያዝ ይቻላል። ብቻ የስም ለውጡ የሚጸድቀው ፍርድ ቤት በሚያካሂደው የመሐላ ሥነ ሥርዓት ስለሆነ ቀጠሮው ሊዘገይ እንደሚችል ማወቅ ነው።

የቀረው ተራ ነገር ነው። ፎርሙን በጥቁር እስክሪብቶ ሙዪ፣ ወይም ኦንላይን ሞልተሽ ከወረቀቱ በአንዱ ፊት ብቻ (ጀርባው ባዶ ሆኖ) ፕሪንት አድርጊው። ሠራተኛው ፈርሚ ሳይልሽ እንዳትፈርሚ። የሰርተፍኬቱን ዋናና ኮፒ፣ የመንጃ ፈቃዱን የፊትና የጀርባ ኮፒ፣ ያለ መነጽር የተነሳሽው ሁለት በሁለት ኢንች ፎቶ ትይዣለሽ። ለአዋቂ ፓስፖርቱ 130 ዶላር ነው፣ ማመልከቻውን የሚቀበልሽ ፖስታ ቤት ወይም ሌላ ቢሮ ደግሞ 35 ዶላር ያስከፍላል። 130ውን እዚያ በካርድ አይቀበሉሽም፣ ቼክ ወይም ማኒ ኦርደር ይዘሽ ሂጂ። ቶሎ ይድረስልኝ ካልሽ 60 ዶላር ትጨምሪያለሽ።

ልጆቹ ጋ ስንመጣ ግን የስማችሁ አለመመሳሰል ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለታችሁም ከልጁ ጋር መቅረብ አለባችሁ። ባልሽ ሥራ ይዞት መምጣት ካልቻለ ዲኤስ-3053 የሚባለውን የፈቃድ ፎርም ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ፈርሞ ከመታወቂያው የፊትና የጀርባ ኮፒ ጋር ይሰጥሻል፤ ከተፈረመ ሦስት ወር ያለፈው ግን አይሠራም። እናትነትሽን የሚመሰክርልሽ የልጁ የልደት ሰርተፍኬት ነው እንጂ የስም መመሳሰል አይደለም። ታዲያ እዚያ ሰርተፍኬት ላይ ስምሽ እንዴት እንደተጻፈ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከወሊድ በኋላ ደክሞሽ ተኝተሽ ሌላ ሰው የሞላልሽ ወረቀት ነው። ስንቷ እናት በባሏ ላስት ኔም እንደተመዘገበች ያወቀችው የልጇን ፓስፖርት ልታወጣ ስትሄድ መሰለሽ! እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ልጁ የተወለደበት ስቴት የልደት መዝገብ ቢሮ ሄዶ ማሳረም ነው፤ ጊዜ ስለሚወስድ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይታይ።

ያለ አባታቸው ይዘሻቸው ስትወጪ የልደት ሰርተፍኬታቸውን ኮፒ ያዢ፣ አባታቸውም መጓዛቸውን እንደፈቀደ የሚገልጽ ደብዳቤ ኖተሪ ፊት ይፈርምልሽ። ሁሌ አይጠየቅም። እኔን ግን አንድ ኤርፖርት ላይ «ልጆቹ ያንቺ ናቸው?» ብለውኛል፣ ትንሹ ልጄ ቀሚሴን እየጎተተ ማሚ ሽንቴ መጣ እያለኝ! ወረቀቱን አሳየሁ፣ አለፍን።

ባልሽ የሁላችሁንም ትኬት ሲቆርጥ ደግሞ ከጎኑ ቁጭ በይ። ወንዶቹ የራሳቸውን ላስት ኔም ለቤተሰቡ ሁሉ መደዳውን ይሞሉታል። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ጣጣው ቼክ ኢን ላይ ይጀምራል።

ለእረፍት አገር ቤት ለመግባት ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማውጣት ትችያለሽ፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ አሮጌው ፓስፖርትሽ ከእንግዲህ መጓዣ አይሆንሽም። አሮጌውን ግን እንዳትጥዪው! ለቢጫ ካርዱ ድሮ ኢትዮጵያዊ እንደነበርሽ ማሳየት አለብሽ፣ ስምሽን አለመቀየርሽ እዚህ ላይ ይክስሻል። ሁለቱ ፓስፖርቶች ላይ ያለው ስም አንድ ነው፣ ማብራሪያ አይጠየቅም።

«አሜሪካ ነው ያለሽው፣ የባልሽን ስም ያዢና ተገላገዪ» ለሚሉሽ ሰዎች፣ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ይቀልሻል የሚሉት ግን አይዋጥልኝም። ስም ከቀየርሽ በኋላ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ባንክ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ አገር ቤት ያለ የቤት ካርታ፣ ሁሉም ጋ የጋብቻ ሰርተፍኬት ይዘሽ ስትዞሪ ነው የምትኖሪው። በኛ አገርማ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም እንደያዘች ትቀጥላለች ብሎ ገና ድሮ ጨርሶታል። አሜሪካኖቹ እንኳ በዚህ ተሟግተዋል። በ1921 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጋዜጠኛዋ ሩት ሄል ፓስፖርት በራሴ ስም ይሰጠኝ ብትል የባሏን ስም ከነ«ሚስስ» አድርገው ጻፉላት። አልፈልግም ብላ ጉዞዋን ሰረዘች። በ1925 ዶሪስ ፍላይሽማን፣ እሷም ባለትዳር ነበረች፣ በራሷ ስም አስወጣች። አንቺ ያለ ሙግት የምታገኚውን ነገር ማለቴ ነው።

አንድ ቀን ሐሳብሽን ብትቀይሪ በር አልተዘጋም። ፓስፖርቱ ከተሰጠሽ አንድ ዓመት ሳይሞላው ስምሽን በሕግ ከቀየርሽ በዲኤስ-5504 ያለ ክፍያ ይለወጥልሻል፤ ከዚያ ካለፈ በዲኤስ-82 እንደ እድሳት 130 ዶላር ከፍለሽ ነው። የጋብቻ ሰርተፍኬቱ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ በአማርኛ ከሆነ ከነትርጉሙ።

ረስቼው፦ የዜግነት ሰርተፍኬቱን ዋናውን ስለሚወስዱብሽ ከመሄድሽ በፊት ለራስሽ ጥርት ያለ ኮፒ አስቀሪ። ፓስፖርቱ ደርሶሽ ሰርተፍኬቱ አብሮት ከሌለም አትደንግጪ፣ ለብቻው በሌላ ፖስታ ነው የሚመጣው።