መሪው 90 ላይ ሲንቀጠቀጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መኪናዬ ከ80 በታች ስነዳት ሰላም ነች። 90 አካባቢ ስደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ወደ 120 ስጠጋ ይተወዋል። የፊት ሁለቱን ጎማዎች ካስቀየርኩ ወዲህ ነው የጀመራት። አላይመንት ሁለት ጊዜ አሠርቻለሁ፤ ለውጥ የለም። አሁን መካኒኬ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ጫፍ) ይቀየር እያለኝ ነው። ላስቀይር?

መልስ፦ ቆዪ፣ አትቸኩዪ። ትልቁን ፍንጭ ራስሽ ጽፈሽዋል፦ ጎማ ካስቀየርኩ ወዲህ ብለሻል። መጀመሪያ የሚፈተሸው በቅርብ የተነካው ቦታ ነው።

አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫ ነው የሚያስተካክለው። እሱ ሲበላሽ መኪና ወደ አንድ ጎን ትስባለች፣ ጎማም በአንድ ወገን ያልቃል። ያንቺ ግን የባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ሚዛን ጉዳይ ይመስለኛል። ሁለቱን እያምታታ ገንዘቡን የጨረሰ ስንት ሰው አይቻለሁ!

ጎማና ቸርኬ ዙሪያቸውን እኩል አይከብዱም። አንዱ ወገን በጥቂት ግራም ሲበልጥ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ያ ክብደት ወደ ውጭ ይጎትታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። በዝግታ ስትሄጂ የማይሰማሽ ለዚህ ነው። ታዲያ 120 ላይ ለምን ይተዋል? የመኪናዋ የፊት እግር የሚወዛወዝበት የራሱ ምት አለው። የጎማው ዙረት ከዚያ ምት ጋር ሲገጥም መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ሲያልፈው ይረጋጋል። ተረጋጋ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም።

ስለዚህ አራቱንም ጎማ ባላንስ አሠሪ። ከዚያ በፊት ግን የቸርኬዎቹን ጀርባ አሳጥቢ። በዚህ ነገር እኔም ተቀጥቻለሁ። አንድ ጊዜ የራሴን መኪና ሁለት ቀን ሙሉ ስፈታና ስገጥም ቆየሁ። ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ጠረጠርኩ፣ ጆይንት ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ከቸርኬው ጀርባ እፍኝ የማይሞላ ደረቅ ጭቃ በካቻቢቴ ፈቅፍቄ አወጣሁ። መንቀጥቀጡም አብሮት ሄደ። ለማንም ሳልናገር ኖሬ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ወጣ።

ሲገጠምም ዝም ብለሽ አትቁሚ። ቸርኬው የፍሬን ዲስኩ ላይ በሚያርፍበት ፊት ዝገት ካለ ልክ አይቀመጥም፤ በብረት ብሩሽ ይጽዳ። ዳዶዎቹ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊታቸው ካለው ጋር እየተቀያየሩ ይጥበቁ። ጥቂት ከነዳሽ በኋላ እንደገና ይታዩ። የላላ ዳዶም መሪ ያንቀጠቅጣል፤ እሱ ከሆነ ደግሞ ለነገ አይባልም።

ባላንሱ ልክ ነው ተብሎም ካልቀረ፣ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ አዘዋውሪ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫሽ ከሄደ ጥፋተኛው ጎማው ወይም ቸርኬው ነው። አዲስ ጎማ እንኳ ክቡ የተዛባ ሊሆን ይችላል። የባላንስ ማሽኑ ላይ ሲዞር ጎንበስ ብለሽ እዪው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ መልሺው።

ቴስቲናውስ? የላላ ቴስቲና መንቀጥቀጡን ያጎላዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንጩ እሱ አይደለም። ደግሞ ሳይፈተሽ አይቀየርም። የፊት ጎማው በክሪክ ይነሳና መኪናዋ በመቆሚያ ትደገፍ። የጎማውን ግራና ቀኝ ይዘሽ ወዝውዢ። ቀጭ ቀጭ ካለ መካኒክሽ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ላይና ታቹን ስትይዢ ከተወዛወዘ ደግሞ ኩሽኔታ ወይም ጎማውን ከመኪናዋ እግር ጋር የሚያያይዘውን ቦል ጆይንት ጠርጥሪ። ምንም ካላለ ገንዘብሽን ወደ ኪስሽ መልሺ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ መሪ የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ስይዝ ብቻ ነው። ባላንስ አሠርቼ አልተሻለኝም።

መልስ፦ አይሻልህማ! ያንተ የፊት ዲስክ ነው። ሰው ዲስኩ ተጣመመ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እኩል ያልሆነው ውፍረቱ ነው። ልዩነቱ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ፔዳሉ ላይ ያለው እግርህ ግን ያውቀዋል። ቶርኖ ላይ ፊቱን አስፍቆ ማስተካከል ይቻላል። ሊደርስ የሚችለው ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ ግራና ቀኙን አብረህ ቀይር፤ አሮጌውን የፍሬን ሸራ አዲስ ዲስክ ላይ እንዳትገጥም።