ሶሌር የግዊን የአብራክ ልጅ ነው ወይስ የእምነት ልጅ?

ጠያቂው ያነሡት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ዳርክ ሶልስ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የምናገኘው ተዋጊ የአስቶራው ሶሌር፣ ስሙ ከዜና መዋዕል የተፋቀው የንጉሥ ግዊን የበኩር ልጅ ነው የሚባለው ግምት እውነትነት አለው ወይ? ደግሞስ በሦስተኛው ጨዋታ ላይ «ስም አልባው ንጉሥ» ከተገለጠ በኋላ ይህን ግምት ይዞ መቆየት ይቻላል ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የምደፍረው አዋቂ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ ግምቱን ዓመታት አምኜበት ከጓደኞቼ ጋር ስከራከርበት ኖሬ በመጨረሻ በራሴ ማስታወሻ ደብተር የተረታሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። አቋሜን ከመነሻው ልናገር፤ ሶሌር የግዊን ልጅ አይደለም። አለመሆኑን የምናውቀው ግን ብዙ ሰው እንደሚለው ከሦስተኛው ጨዋታ ሳይሆን ከመጀመሪያው ከራሱ ነው።

ጨዋታውን ላልተጫወቱ አባላት ጥቂት መነሻ ያስፈልጋል። ዳርክ ሶልስ በፍሮምሶፍትዌር ተሠርቶ በሂዴታካ ሚያዛኪ መሪነት በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጨዋታ ነው። በታሪኩ ውስጥ ግዊን ዘንዶዎቹን በመብረቅ ጦር ድል ነሥቶ የአማልክት ዘመንን ያቆመ ንጉሥ ሲሆን፣ የዘመኑ መሠረት የሆነው የመጀመሪያው እሳት መክሰም ሲጀምር ራሱን ማገዶ አድርጎ የሰጠ ነው። ከልጆቹ መካከል ግዊኔቪርንና ግዊንዶሊንን በስም እናውቃቸዋለን። የበኩር ልጁ ግን በስም አይጠራም። ስለ እርሱ የምናውቀው ከዕቃዎች መግለጫ ብቻ ነው፤ በእርሱ የተሰየመው ቀለበት፣ የፀሐይን ብርሃን የወረሰ የጦርነት አምላክ እንደ ነበረ፣ በስንፍናው (በሞኝነቱ ማለት ነው) ምክንያት የታሪክ መዝገብ እንደ ጠፋና አምላክነቱም እንደ ተገፈፈ፣ ዛሬ ስሙን እንኳ የሚያውቅ እንደሌለ ይነግረናል። የፀሐይ ሜዳሊያ የሚባለው ደግሞ፣ በላዩ የተቀረጸው ምልክት የዚሁ የበኩር ልጅ ምልክት መሆኑንና አሮጌው የጦርነት አምላክ ዛሬም ተዋጊዎቹን በቅርብ እንደሚመለከት ይገልጻል። እነዚህ ተዋጊዎች ማኅበር አላቸው፤ በማኅበሩ መሠዊያ ላይ የምናገኘው ሐውልት ፈርሷል።

እንግዲህ አንድ ንጉሥ የካደው፣ ሐውልቱ የፈረሰበት፣ ነገር ግን የሆነ ቦታ ሆኖ የሚመለከት ልጅ እንዳለ ከተነገረን በኋላ፣ ማን ይሆን ብሎ አለመፈለግ ከባድ ነው። ሶሌር ደግሞ ለዚህ ፍለጋ የተዘጋጀ ይመስላል። መጀመሪያ የምናገኘው ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየ ቆሞ ነው፤ መሠዊያው ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ ዘንዶ በሚጠብቀው ድልድይ በኩል ነው። ደረቱ ላይ ያ ምልክት አለ። ለእርዳታ ሲጠራ የመብረቅ ጦር ይወረውራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፀሐይን «እንደ ታላቅ አባት ናት» ብሎ ያወድሳታል። ይህን ዐረፍተ ነገር በሰማሁ ጊዜ ነገሩ አበቃ፣ ተገለጠ ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ የምጫወተው በአሮጌ ፕሌይስቴሽን 3 ሲሆን፣ ኢንተርኔት ስላልነበረኝ ሌሎች ተጫዋቾች መሬት ላይ የሚጽፉት መልእክትም ሆነ የሚተውት ምልክት አይታየኝም ነበር። ስለዚህ ያለኝ የዕቃዎቹ መግለጫ ብቻ ነው፤ እነርሱንም አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ በደብተር እጽፍ ነበር። የሜዳሊያውን መግለጫ ስመልስ «ተዋጊዎቹን በቅርብ ይመለከታል» በማለት ፈንታ «ልጆቹን በቅርብ ይመለከታል» ብዬ ጻፍኩ። በጊዜው ስሕተት አልመሰለኝም። በእኛ አነጋገር የአንድ አለቃ ወይም የአንድ አባት ተከታይ «ልጁ» ይባላል፤ የንስሐ ልጅ አለ፣ የክርስትና ልጅ አለ፣ የማደጎ ልጅ አለ፣ ድሮ ደግሞ የጡት ልጅ ነበር፣ ከእነዚህ አንዱም የአብራክ ክፋይ መሆን አይጠበቅበትም። እኔ ግን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው «ልጆቹ» የሚለውን ቃል ራሴ እንዳስገባሁት ዘንግቼ፣ ለግምቱ እንደ ማስረጃ እጠቅሰው ጀመር። ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እንደገና ስመለከት «ልጅ» የሚል ነገር ለተከታዮቹ አልተነገረም።

ይህ ስሕተት ለእኔ ብዙ ጠቀመኝ፤ ምክንያቱም ግምቱ በአጠቃላይ የሚሠራው ልክ እንደዚያ ነው። ለሶሌር የሚቀርቡትን ማስረጃዎች ዘርዝረው ይመልከቷቸው፦ ምልክቱ፣ መብረቁ፣ መሠዊያው፣ ፀሐይን አባት ማለቱ። ሁሉም የሚያሳዩት አማኝነትን ነው እንጂ የደም ዝምድናን አይደለም። ምልክቱ ያለበትን ሜዳሊያ ማንኛውም የማኅበሩ አባል ሊያገኘው ይችላል፤ እኔም እርስዎም መሠዊያው ላይ ተንበርክከን አባል መሆን እንችላለን። የመብረቅ ጦርንም ማንም ተጫዋች ይማረዋል። የደብር መስቀል በአንገቱ ያሠረን ሰው ሁሉ የካህን ልጅ ነው እንደማንል፣ ይህንንም ማለት አንችልም። ፀሐይን አባት ማለቱም ቢሆን፣ አንድ የንስሐ ልጅ «አባቴ» ሲል ከሚሰማን የተለየ ነገር ሊያሰማን አይገባም ነበር።

በተቃራኒው ጨዋታው ስለ ሶሌር በቀጥታ የሚናገራቸው ነገሮች አሉ፣ እነርሱን ግን በዚያን ጊዜ እንደ ጌጥ አልፌአቸው ነበር። የጥሩሩ መግለጫ፣ ደረቱ ላይ ያለው ትልቁ የፀሐይ ምልክት ምንም ኃይል እንደሌለውና ሶሌር በገዛ እጁ የሳለው መሆኑን ይናገራል። የራስ ቁሩ ደግሞ ጥራት ያለው ቢሆንም የተለየ ኃይል የለውም፤ የሶሌር አስደናቂ ችሎታ የልምምዱ ፍሬ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም ተብሎ ተጽፎበታል። ሰይፉም ቢሆን በደንብ የተሠራና የተያዘ ግን ከስሙ ግርማ ጋር የማይመጣጠን ተራ ሰይፍ ነው። አንድ ጸሐፊ አንድን ሰው የተደበቀ የአምላክ ልጅ ሊያደርገው ቢያስብ ኃይሉ «ከልምምዱ እንጂ ከሌላ ከምንም አይደለም» ብሎ ለምን ይጽፋል? ይህ መግለጫ የተጻፈው፣ እኛ የምናነሣውን ጥያቄ አስቀድሞ የገመተ ሰው የጻፈው ይመስለኛል።

ከዚህ የሚብሰው ራሱ ሶሌር የሚናገረው ነው። አንዴድ እንደሆነ፣ የራሱን ፀሐይ ለመፈለግ የጌታ ግዊን የትውልድ ቦታ ወደ ሆነችው ወደዚህች ታላቅ ምድር እንደመጣ ይነግረናል። አንዴድ ማለት የጨለማው ምልክት ወጥቶበት ሞት የተነፈገው ማለት ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ይህ እርግማን የሚያገኘው ሰዎችን እንጂ የግዊንን ወገን አይደለም። አነጋገሩን ደግሞ ያስተውሉት፤ ይህ የአባቱን ቤት የሚያስታውስ ስደተኛ አነጋገር አይደለም፣ ከሩቅ አገር ሊሳለም የመጣ መንገደኛ አነጋገር ነው። በኋላም በአኖር ሎንዶ፣ ማለትም በግዊን ከተማ፣ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ስናገኘው ቤቴ ደረስኩ የሚል ሰው አይመስልም።

ያም ሆኖ ያን ጊዜ ለማመን አንድ ማረጋገጫ ቀርቶኝ ነበር። ሶሌር በተለመደው መንገድ ከተሄደ መጨረሻው አያምርም፤ በጠፋችው ኢዛሊዝ መግቢያ ላይ ዓይኗ የሚያበራ ትል ራሱ ላይ ወጥታ አእምሮውን ታስታለች፣ እርሱም ፀሐዬን አገኘሁ እያለ ይዋጋናል። ለማትረፍ ከላግ የተባለችው ጠላት እኅት የምትመራውን ማኅበር ተቀላቅሎ 30 «ሰብአዊነት» (በጨዋታው ውስጥ የሚሰበሰብ ዕቃ ነው) መስጠት፣ በዚያም የሚከፈተውን አቋራጭ መንገድ ይዞ ትሏን ቀድሞ መግደል ያስፈልጋል። ይህን ለመሰብሰብ ስንት ምሽት እንደ ፈጀብኝ አልናገርም፤ መብራት ሄዶ የጠፋብኝንም አልቆጥርም። ሶሌር ከተረፈ ግን በመጨረሻው ፍልሚያ፣ ግዊን በሚጠብቅበት በመጀመሪያው እሳት እቶን ደጃፍ ላይ ሊጠራ ይችላል። አባትና ልጅ ፊት ለፊት! ጠራሁት፣ ገባን፣ እኔ ሰይፌን ትቼ በጋሻ እየተከላከልኩ ዳር ዳሩን መዞር ጀመርኩ፤ ዓላማዬ መግደል ሳይሆን መሰለል ነበር።

ምንም የለም። ግዊን ንግግር የለውም፣ ለሶሌር የተለየ እንቅስቃሴም የለውም፤ በቅርብ ያለውን በእሳታማ ሰይፉ ይመታል፣ ሶሌርም ሌላውን ጠላት እንደሚወጋው ይወጋዋል። የታየኝ አንድ ነገር ቢኖር የቁመታቸው ልዩነት ነው፤ ግዊን ከሁለታችን በላይ ረዝሞ ቆሟል፣ ሶሌር ግን ልክ የእኔ ቁመት ነው። ሦስት ጊዜ ያህል እንዲህ አድርጌ ሁለቱ ጊዜ ሞቻለሁ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ለዚህ ሁሉ አንድ ዝግጁ መልስ አላቸው። አምላክነቱ ሲገፈፍ ሰው ሆኖ ቀርቷል፣ ስሙ ሲፋቅ ትዝታውም አብሮ ተፍቋል፣ ስለዚህ አባቱን አለማወቁ ራሱ ማስረጃ ነው ይላሉ። እኔም ይህን ብያለሁ፤ ነገር ግን ይህ አካሄድ ተቃራኒውን ማስረጃ ሁሉ የሚበላ ስለሆነ በዚያው ልክ ለማንም ይሠራል። አንጥረኛውን አንድሬን ውሰዱ፤ እርሱም የአስቶራ ሰው ነው፣ ነጭ ጢም አለው፣ ደረተ ሰፊ ነው፣ ብዙ ሰውም እርሱ ነው የበኩር ልጁ ብሎ ተከራክሯል። በ2014 የወጣው ሁለተኛው ጨዋታ ፋራም የሚባል የጦርነት አምላክ ስም ሲያነሣም፣ የበኩር ልጁ ፋራም ነው የሚል ተነሥቷል። አንዱን ባዶ ወንበር ለሦስት ሰው የሚያከራይ ክርክር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ልምጣ። በ2016 በወጣው ዳርክ ሶልስ ሦስት፣ በጥንታዊ ዘንዶዎች ተራራ ጫፍ ላይ የማዕበል ዘንዶ ጋልቦ የሚመጣ ስም አልባ ንጉሥ አለ። ስለ እርሱ የተጻፈውን ከሶሌር ጋር በሚዛን ያስቀምጡት። ነፍሱ፣ አንድ ጊዜ ዘንዶ ገዳይ የጦርነት አምላክ እንደ ነበረና ከጥንታዊዎቹ ዘንዶዎች ጋር ለመወገን ሁሉን እንደሠዋ ይናገራል። ዘውዱ ከመጀመሪያው ጌታ ዘውድ ጋር እጅግ እንደሚመሳሰል ተጽፏል። መሣሪያው መብረቅ ነው። ስሙም የለም። በዚያው ተራራ ላይ የሚገኘው የዘንዶ ገዳዩ የኦርንስቲን ልብስ ደግሞ፣ ያ የግዊን ተዋጊ የፈረሰውን ካቴድራል መጠበቁን ትቶ ስም አልባውን ንጉሥ ፍለጋ እንደሄደ ይገልጻል። እዚህ ላይ የጦርነት አምላክነት፣ የተገፈፈ ስም፣ የመብረቅ ውርስ፣ የአባት ዘውድ ምሳሌ እና የአባት ባለሟል ተከትሎ መሄድ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ዘውዱና የጦርነት አምላክነቱ ማንም ማኅበር ውስጥ በመግባት የሚያገኛቸው አይደሉም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የበኩር ልጁ እርሱ ነው ብዬ ለመናገር አልቸገርም።

በዚህም የቀለበቱ ቃል ትርጉም ያገኛል። «ስንፍና» የተባለው፣ አባቱ ዘመኑን በዘንዶዎች ሬሳ ላይ ካቆመ በኋላ ልጁ ከዘንዶዎቹ ጋር መወገኑ ነው ብሎ ማንበብ ይቻላል። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ እንላለን፤ ይሄኛው በዘንዶ ወዳጅነት ለወጠው። አባቱን ግን ጨርሶ እንዳልጠላው የሚያመለክት ነገር በመጀመሪያው ጨዋታ አለ፤ ግዊንዶሊን ከተሸነፈ በኋላ በሚከፈተው በግዊን መቃብር ላይ የሚገኘው ተአምር የዚሁ የበኩር ልጅ ነው። መቃብሩ ባዶ ነው፣ ባለቤቱ እቶን ውስጥ እየነደደ ነው፣ ልጁ ግን የራሱን ነገር እዚያ ትቶ ሄዷል። በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሚከብድ ቦታ የለም።

ስውር ዘር ፍለጋ ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በ2017 የወጣው የሦስተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ክፍል፣ ከዚያ በፊት ማናችንም በዘር ሐረጉ ላይ ያላስቀመጥናትን የግዊን የመጨረሻ ሴት ልጅ ፊልያኖርን አምጥቶልናል። ሚያዛኪ በልጅነቱ ሙሉ በሙሉ የማይገቡትን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እያነበበ ክፍተቱን በራሱ ሐሳብ ይሞላ እንደ ነበር ተናግሯል፤ ጨዋታዎቹም ያንን ክፍተት ሆን ብለው ይተዋሉ። እኔ የማደርገው ጥንቃቄ አንድ ነው፤ የተጻፈውን በአንድ ገጽ፣ እኔ የሞላሁትን በሌላ ገጽ እጽፋለሁ፣ «ልጆቹ» ላይ የደረሰብኝ እንዳይደገም።

ጨዋታውን እንደገና ሊጀምሩት ካሰቡ፣ ሶሌርን ለማትረፍ 30ውን ሰብአዊነት ቀደም ብለው ማጠራቀም ይጀምሩ፣ እቶኑ ደጃፍ ላይም ለመጥራት በሰው መልክ መሆን እንደሚያስፈልግ አይርሱ። እኔ አሁንም በየጊዜው እጠራዋለሁ፤ ዳር ዳሩን መዞሬን ግን ትቼ አብሬው እዋጋለሁ።