የቆየውን ተወው፣ አዲሱን በራስት ጻፍ
ወንድሜ፣ «በሲ++ የጻፍነውን ሁሉ በራስት እንደ አዲስ እንጻፈው ወይስ እናሻሽለው?» ብለሃል። ሁለቱም የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው፤ ራስት ግን የሜሞሪ ስህተትን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የማይገባውን ሜሞሪ መንካቱን፣ ይከላከላል። እኔ ብሆን የቆየውን በጅምላ አልነካም። አንድሮይድን ተመልከት። ጎግል አሮጌውን ኮድ ትቶ አዲሱን እንደ ራስት ባሉ ቋንቋዎች መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከደህንነት ክፍተቶቹ 76 በመቶው የሜሞሪ ስህተት ነበር፤ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወረደ። ስህተት የሚበዛው አዲስ ኮድ ላይ ነዋ!

ከኢንተርኔት ዳታ የሚቀበለውን ክፍል ግን ቶሎ ቀይረው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታወቀው ኸርትብሊድ፣ የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ፕሮግራም ላይ የተገኘው ክፍተት፣ ምን ነበር? ላኪው «የላክሁት ይህን ያህል ባይት ነው» ሲለው ፕሮግራሙ ሳያጣራ አመነ። ከዚያ ከሜሞሪው እስከ 64 ኪሎባይት እየዘገነ ሰጠው፤ የይለፍ ቃል ሳይቀር። ራስት ቢሆን እዚያው ያስቆመው ነበር። ለቀሪው ሲ++ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሜሞሪ ስህተትን የሚይዘውን መሣሪያ፣ አድሬስ ሳኒታይዘርን፣ ቴስት ላይ ዛሬውኑ አብራው።