የታክሲውን ጥሪ ሸምድዶ የቀኑን ውሎ የሚረሳ ልጅ

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። አራት ኪሎ ታክሲ ስንጠብቅ ወያላውን ቀድሞ «ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ!» ይላል። ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ስለው ግን ዝም። ቅዳሜ ዕለት አስተማሪውን ገበያ አገኘናት፤ ጭራሽ አላወቃትም፣ እኔ በሀፍረት አለቅኩ። አባቱ «ሆን ብሎ ነው፤ ያን ሁሉ ሸምድዶ ይሄ እንዴት ይጠፋዋል?» ይላል። ለማስታወስ የሚረዳ መድኃኒትስ አለ?
እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ በባለቤትሽ አልፈርድም። ሳስተምር እንዲህ የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ነበሩ። ግን እየተደጋገመ የሚለመደው ነገርና የአንድ ቀን ውሎ አንጎል ውስጥ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ውሎን ለመያዝ በተለይ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን የሚጥል በሽታ ስለነበረበት በ1953 ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ከዚህ ክፍል ብዙው ወጣለት። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር አልያዝ አለው። በመስታወት እያየ ኮከብ መሳል ግን በልምምድ ቻለበት፤ መለማመዱን ራሱ ግን አያስታውስም!

የልጅሽ ሂፖካምፐስ ተጎድቷል ማለቴ አይደለም። ለእሱ የሚቀርበው በ2023 የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ፣ ኦቲዝም ያለባቸው፣ የማሰብ ችሎታቸው ግን ደህና የሆነ 25 ልጆች ተፈተኑ። ፊትንም ሌላ ነገርንም ማስታወስ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ከብዷቸዋል። እኔን የገረመኝ፣ የፊቱና የሌላው ችግር የተያያዙት ከተለያየ የአንጎል መረብ ጋር መሆኑ ነው። በመረቦቹ ውስጥ ያለው ግንኙነትም ከመጠን በላይ በዝቶ ነው የተገኘው፤ መስመር ተጠላልፎበት ሁሉም ባንዴ እንደሚያወራበት ስልክ።

ስለዚህ «ምን ተማርክ?» የሚለውን ተዪው። ደብተሩን ገልጠሽ ሥዕሉን እያሳየሽ «ይሄን ስትስል አጠገብህ ማን ነበር?» በዪው። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ፍንጭ ሲሰጣቸው የተሻለ እንደሚያስታውሱ ተደጋግሞ ታይቷል። አስተማሪዋንም ነጠላ ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ካላት ለምኛት። ልጁ እስካሁን የሚያውቀው ነጩን ገዋን ይሆናል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ለዚህ ተብሎ የተፈቀደ የለም። አለኝ ለሚልሽ ብርሽን እንዳትሰጪ። ይልቅ ልጁ ድንገት ፍዝዝ እያለ ስትጠሪው የማይሰማሽ ከሆነ ቶሎ ሐኪም ይየው። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያል፤ ለእሱ መድኃኒት አለው።