መሃሉ የደረቀ አይሪስ ማዳበሪያ አይደለም የሚፈልገው

እህቴ፣ ሳይቤሪያን አይሪስ የሚባለው አበባሽ ሰባት ዓመቱ እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ እንደሚያወጣና መሃሉ ባዶ እንደሆነ ጽፈሽ ማዳበሪያ ልጨምርለት ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አትጨምሪለት። ተጨናንቆ ነው። አዲሱ ቡቃያ ሁልጊዜ ወደ ዳር ነው የሚሄደው፣ መሃል የቀረው አሮጌ ሥር ደግሞ ይሞታል፣ ለዚህ ነው እንደ ቀለበት የሆነብሽ። ነቅለሽ መከፋፈል አለብሽ።

እኔም እንዳንቺ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነኝ። ቅዝቃዜው ይህን አበባ አይጎዳውም፣ የሚጎዳው ድርቀት ነው። መጀመሪያ የከፈልኩት በጁላይ ሙቀት ነበር። ሥሩን ሲሚንቶ ላይ ዘርግቼ ምሳ ልበላ ገባሁ። ስመለስ እንደ ፀጉር የቀጠነው ሥር ሁሉ ደርቆ እጄ ላይ ይሰባበር ነበር። ከስምንቱ ክፋይ አምስቱ ሞቱብኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ኦገስት መጨረሻ ላይ አድርጊው። ካለፈሽ ደግሞ በጸደይ፣ በረዶው ሲሄድ ቡቃያው ብቅ እንዳለ። ቅጠሉን 20 ሴንቲሜትር አስቀርተሽ ቁረጪ፣ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረሽ አንሺው። ሥሩ እንደ ሽቦ የተጠላለፈ ነው፣ አካፋ አይበቃውም፣ እኔ ጥርስ ባለው አሮጌ የዳቦ ቢላዋ ነው የምገዘግዘው። የሞተውን መሃል ጣይው። እያንዳንዱ ክፋይ ከአራት እስከ ስድስት ቡቃያ ይኑረው፣ እስክትተክይው ድረስ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ይቆይ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጺም ያለው የሚባለው ሌላው የአይሪስ ዓይነት ወፍራሙ ሥሩ ፀሐይ እየመታው ከላይ ይተከላል። ይሄኛው ግን ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር አፈር ይልበስ። በክፋዮቹ መካከል 60 ሴንቲሜትር ያህል ተይ። ቅጠሉ ቄጤማ እንደሚመስል ሁሉ እርጥበትም እንደ ቄጤማ ይወዳል፣ በተለይ የመጀመሪያውን ዓመት ውሃ አታቋርጪበት። ፀሐይ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። ከምድጃ የወጣ አመድ ግን አታድርጊበት፣ ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ነው የሚስማማው፣ አመድ ያንን ያጠፋል።

የሚቀጥለው ጁን አበባው ጥቂት ቢሆን ወይም ጭራሽ ባይኖር አትደንግጪ፣ ሥር እየያዘ ነው። ቅጠሉንም ውርጭ መትቶ ቢጫ እስኪያደርገው አትንኪው፣ ሥሩን የሚመግበው እሱ ነው።

መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ አዲሱን ተክል ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ መሬቱ ከጠጠረ በኋላ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ጎዝጉዢበት፣ በረዶው ሲሄድ ደግሞ ብቅ ያለ ካለ በመዳፍሽ ጫን አድርገሽ መልሺው።