ሰርቨሩ ሲሻሻል የሚሰናከል ኮድ፦ አራት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከጎንደር አንባቢያን ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱ የአንድ ጉዳይ ልዩ ልዩ ገጽታዎች ስለሆኑ በአንድነት መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ለመድኃኒት መደብር ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ማይኤስኪውኤል (መረጃን በሠንጠረዥ የሚያስቀምጠው የዳታቤዝ ሰርቨር) ከሥሪት 5.6 ወደ 8.0 ከተሻሻለ ወዲህ የወሩ ሪፖርት አልወጣ ብሏል።

መልስ፦ የላኩልኝ ኩዌሪ (ለሰርቨሩ የሚቀርብ የመረጃ ጥያቄ) መድኃኒቶቹን በግሩፕ ባይ፣ ማለትም ተመሳሳዮቹን ወደ አንድ ረድፍ በሚሰበስበው ትእዛዝ፣ በስማቸው ከሰበሰበ በኋላ የአገልግሎት ማብቂያ ቀናቸውንም እንዲሁ ይመርጣል። አንድ መድኃኒት ሦስት ባች (በአንድ ጊዜ የተመረተ ስብስብ)፣ እያንዳንዱም የተለያየ ቀን ካለው፣ የትኛው ቀን ይታይ? የቀድሞው ሥሪት ያገኘውን አንዱን ያሳይ ነበር፤ ከ5.7 ወዲህ ግን ሰርቨሩ ሌላ ካልታዘዘ በቀር እንዲህ ያለውን ኩዌሪ አይቀበልም። ስለዚህ ሪፖርትዎ ድሮም ትክክል አልነበረም። ቅርቡን ቀን በሚን (ትንሹን ዋጋ በሚሰጠው ተግባር) ይምረጡ፤ ቁጥጥሩን ከሰርቨሩ ማጥፋት ቢቻልም፣ በመድኃኒት ቀን ላይ ግን አልደፍረውም። 8.0 በግሩፕ ባይ ብቻ መደርደሩንም ስለተወ ኦርደር ባይን (የመደርደሪያውን ትእዛዝ) በግልጽ ይጻፉ። እኔም ይህን ረስቼ የተዘበራረቀ ዝርዝር አስረክቤ አውቃለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የውል ቀኖችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በዴት ዓምድ (ቀን ብቻ በሚቀበለው ዓምድ) እናስገባለን። አዲሱ ሰርቨር አንዳንዱን ይቀበላል፣ አንዳንዱን ይመልሳል።

መልስ፦ የዴት ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲገባ 2008-02-30 ይሆናል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናት። የቀድሞው ሥሪት እንዲህ ያለውን ቀን በዜሮ ተክቶ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፈው ነበር፤ ከ5.7 ጀምሮ ጥብቅ ቁጥጥር ስለሚሠራ ይመልሰዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ተቀባይነት ያገኘው ነው። ከጥር 30 እስከ የካቲት 1 ያለው አንድ ቀን ሲሆን፣ ሰርቨሩ 05-30ን እና 06-01ን የሜይና የጁን ቀኖች አድርጎ ስለሚያይ ሁለት ቀን ይቆጥራል፤ በዚህ ላይ ቅጣት ወይም ወለድ የሚሰላ ከሆነ ደንበኛው ያላግባብ ይከፍላል። መፍትሔው በፈረንጆቹ ማስቀመጥ (መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. 2015-09-12 ነው)፣ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጡንም ለማሳያው ገጽ መተው ነው። የቆየውን መረጃ ወደ አዲስ ዓምድ እየለወጡ ያስገቡ፤ ዜሮ የሆኑትን ከሠንጠረዡ መመለስ ስለማይቻል ከወረቀት ውሎቹ ይፈልጓቸው።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ተማሪ)፦ «ራንክ» የሚል ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ 8.0 ላይ ስሕተት ያመጣል።

መልስ፦ ቃሉ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ደረጃ፣ ማለትም ስታንዳርድ፣ የተካተተ ሲሆን፣ በ8.0 ለተግባር (ፈንክሽን) ስም ተይዟል። የዓምዱን ስም ይለውጡ።

ጥያቄ፦ በኤስኪውኤል ደረጃው ብቻ ብጽፍ ኮዴ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ለምሳሌ ሊሚት (የሚወጡትን ረድፎች ብዛት የሚወስነው ትእዛዝ) በደረጃው ውስጥ የለም፤ የደረጃው ፌች ፈርስት ነው፤ ፖስትግሬስ የተባለው ሌላ የዳታቤዝ ሰርቨር ሁለቱንም ሲቀበል ማይኤስኪውኤል ሊሚትን ብቻ ያውቃል። እንዲህ ያሉትን በአንድ ፋይል ሰብስበው ይጻፉ፤ ኢንሰርት ሲያደርጉም (አዲስ ረድፍ ሲያስገቡ) የዓምዶቹን ስም ይዘርዝሩ፤ አለዚያ አንድ ዓምድ በተጨመረ ቀን ኮዱ ሊቆም ይችላል። ከማሻሻልዎ በፊት የዳታቤዙን ቅጂ በአዲሱ ሥሪት ላይ ጭነው ሪፖርቶቹን ሁሉ ያውጡ፤ ይህንም ሒሳብ በሚዘጋበት በወሩ መጨረሻ አያድርጉት።