በስልክ ላይ የተቀመጠ የይለፍ ቃል የት ይገኛል? ለጠየቁን እህት የተሰጠ መልስ

እህታችን፣ የፌስቡክ የይለፍ ቃልዎን እንደረሱት፣ አሮጌው ስልክዎ ግን ሳይጠይቅ እንደሚከፍትልዎት ገልጸው፣ ቃሉ ስልኩ ውስጥ ይገኝ እንደሆነና እዚያ መቀመጡ ያሰጋ እንደሆነ ጠይቀዋል። በሞባይል ጥገና ሥራ ላይ ስላለሁ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል።

በቅድሚያ ፌስቡክ ሳይጠይቅ መክፈቱ ቃሉ ለመቀመጡ ማረጋገጫ ስላልሆነ፣ ቃሉን በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ በአሮጌው ስልክ ከፌስቡክ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ። ክሮምን ይክፈቱ፤ ሦስቱን ነጥቦች ነክተው ወደ ሴቲንግ ይግቡና «ጎግል ፓስወርድ ማኔጀር» የሚለውን ይምረጡ። ከዝርዝሩ ፌስቡክን ሲነኩ ስልኩ አሻራዎን ወይም የስክሪን መክፈቻ ቁጥርዎን ይጠይቃል፤ ከዚያ የዓይን ምልክቷን ሲጫኑ ቃሉ ይታያል። እዚያ ካጡት፣ ስልኩ ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንግ የራሱ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ የሆነውን ሳምሰንግ ፓስንም ይመልከቱ። አይፎን ለያዙ አባላት ደግሞ ከአይኦኤስ 18 ጀምሮ «ፓስወርድስ» የሚባል ራሱን የቻለ አፕ አለ።

ወደ ስጋቱ ስንመጣ፣ ዝርዝሩን የሚጠብቀው የስክሪን መክፈቻው ነው፤ ቁጥሩን ያወቀ ሰው እዚያ ካስቀመጡት የባንክዎን የይለፍ ቃል ጭምር ሊያይ ይችላል። ደንበኞች ስልክ ለጥገና ሲያስረክቡ መክፈቻውን ወረቀት ላይ ጽፈው ከስልኩ ጀርባ ሲለጥፉ ባየሁ ቁጥር በጣም አዝናለሁ። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች የግል መረጃን የሚደብቅ የጥገና ሁነታ ስላለ፣ ሳያበሩት አይስጡ። ከዚህ የማያንሰው ጉዳይ የጎግል አካውንቱ የማን ነው የሚለው ነው። ስልክ ሲገዛ ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከፍቶ የሚሰጥበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ በዚያ አካውንት ላይ የሚቀመጠው ሁሉ አካውንቱ በተከፈተበት ሌላ ስልክም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ፓስወርድ ማኔጀሩ ላይ የሚታየው ኢሜይል የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ካልሆነ በራስዎ ኢሜይል አዲስ ከፍተው የይለፍ ቃሎችዎን ሁሉ ይቀይሩ።

ቃሉን ካገኙ በኋላ ስክሪንሹት አንስተው ወይም በቴሌግራም ለራስዎ ልከው አያስቀምጡት፤ በአዲሱ ስልክ በዚያው የጎግል አካውንት ሲገቡ ራሱ ይሞላልዎታል። በአንድ ሊንክ የገቡበት ገጽ ፌስቡክ መስሎ ሳለ ስልኩ ቃሉን ካላቀረበልዎት፣ አድራሻው ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል በእጅዎ አይጻፉት።

አሮጌውን ስልክ ለሌላ ሰው ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ መጀመሪያ የጎግል አካውንቱን ከሴቲንግ ያስወጡ፣ ቀጥለው ፋክተሪ ሪሴት ያድርጉት (ማለትም በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ ያድርጉት)።